ሁለት ሜትር የሚረዝም የተራራ ፎቶ በሸራ አሳትሞ ግድግዳ ላይ እስከ መስቀል

ሰሜን ተራሮች ሄዶ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ሳያዞር አይመለስም። ቦታው 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዙሪያው ገደል ነው። በአንድ ፎቶ የሚያዝ ነገር አይደለም። ቤት ገብቶ ስልኩ ላይ ሲያየው ግን ያ ሁሉ ተራራ የጣት ውፍረት ያለው ጭረት ሆኖ ያገኘዋል። ያሳዝናል።

እኔ ከዚያ ያመጣሁትን ፎቶ 2 ሜትር ከ10 በ70 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በሸራ (በካንቫስ) አሳትሜ አባቴ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። አባቴ ተወልዶ ያደገው እዚያው አጠገብ ደባርቅ ነው፤ ስለዚህ ሥራው እንዲያምር በጣም ፈልጌ ነበር። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኝ በሦስተኛው ተሳካ። የተማርኩትን ከነልኩ እጽፍላችኋለሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ረጅም ፎቶ ላይ ዓይን የሚሄደው አግድም መስመር ይዞ ነው። መስመሩ የአፋፉ ጫፍ፣ የሐይቅ ዳር ወይም የጭጋጉ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ሲነሳ፣ ሲገጣጠም፣ ሲወጠርና ሲሰቀል ይህ መስመር ሊጎብጥ ይችላል። አራቱም ቦታ ላይ እሱን ጠብቁት። ሌላው ስሕተት ይሸፈናል፤ የጎበጠ መስመር ግን በገባችሁና በወጣችሁ ቁጥር ይታያችኋል።

ከግድግዳው ጀምሩ

መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ግድግዳውን ለኩ። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ከሆነ የፎቶው ርዝመት ከሶፋው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ሲሆን ያምራል። 3 ሜትር ሶፋ ካላችሁ 2 ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ማለት ነው። አሮጌ ጋዜጣ በፕላስተር እያያያዛችሁ በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ትልቅ ከሆነ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። እኔ በ2 ሜትር ከ40 ጀምሬ ነው 30 ሳንቲ ሜትር የቀነስኩት።

በሩንና ደረጃውንም ለኩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው 2 ሜትር ከ10 የሚረዝም ግትር ነገር ይዞ ጠባብ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ሊቆም ይችላል። አስቸጋሪ ከሆነ ሸራውን ጠቅልላችሁ፣ እንጨቱን ለብቻ አውጥታችሁ እላይ ቤት ውስጥ ወጥሩት።

ፎቶው ለዚህ ልክ ይበቃል?

በሸራ ላይ ለሚታተም ትልቅ ፎቶ በኢንች 150 ፒክስል ይበቃል። የሸራው ሽመና ራሱ ረቂቁን ነገር ስለሚያለዝበው በወረቀት የሚፈለገው 300 እዚህ ግዴታ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። ሳንቲ ሜትሩን ለ2.54 አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን በ150 አባዙ። ለ210 ሳንቲ ሜትር ወደ 12,400 ፒክስል፣ ለ70 ሳንቲ ሜትር ወደ 4,130 ፒክስል ይመጣል። 100 አካባቢ ከሆነ ከ3 ሜትር ርቀት ያስኬዳል፤ ቀርቦ የሚያይ ሰው ግን ብዥታው ይታወቀዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ልኩን ቀንሱ እንጂ ፎቶውን በፕሮግራም አትለጥጡት።

የስልክ ፓኖራማ ሲሆን ቁመቱን እዩ። ርዝመቱ ሁሌም ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ያታልላል። ከዚያ መቶ በመቶ አቅርባችሁ ከጫፍ ጫፍ ሂዱበት። እጅ ሲንቀጠቀጥ የተቆረጠ የዛፍ ግንድ፣ ግማሽ አካሉ የጠፋ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ በመሃል የተሰበረ የተራራ ጠርዝ ታገኙ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን በ70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ማሳተም አይመከርም።

ገና ልታነሱ ከሆነ

ካሜራውን አቁማችሁ ያዙት፤ ፎቶው ቁም ይሁን። በዚህ ቁመቱ ላይ ብዙ ፒክስል ታገኛላችሁ። እኔ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 7 ቁም ፎቶ አነሳሁ። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ሢሶውን ያህል ይደርብ። ብርሃኑን በእጅ ሙሉ፤ ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ፀሐይ ባለበት በኩል ያለው ሰማይ አንድ ቀለም፣ በሌላው በኩል ያለው ሌላ ቀለም ይሆናል። ፎከሱንም የነጭ ቀለም ምርጫውንም (ዋይት ባላንስ) ቆልፉ። ሰማይ የሚያጠቁረውን ፖላራይዘር ፊልተር አውልቁ፤ በሰፊ እይታ ላይ ሰማዩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያጠቁረዋል።

ውሃ ልኩን መጠበቅ ያለበት የትሪፖዱ እግር ሳይሆን ካሜራው የሚዞርበት ጭንቅላቱ ነው። ጭንቅላቱ ዘንበል ካለ ከመጀመሪያው ወደ ሰባተኛው ፎቶ ስትደርሱ አፋፉ እየወረደ ይሄዳል፤ ስትገጣጥሙት ደግሞ ጀልባ ይመስላል። ወቅቱ ጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፤ ሩቅ ያሉት ተራሮች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተለይተው ይታያሉ። ጠዋት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ገደሎቹ ጥላ ያገኛሉ። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ልሙጥ ነው።

ማገጣጠምና ማዘጋጀት

ላይትሩምና ፎቶሾፕ ፎቶዎቹን ራሳቸው ይገጣጥማሉ። ገንዘብ መክፈል ለማይፈልግ ሁጊን (Hugin) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። አወቃቀሩን (projection) ሲጠይቃችሁ ለረጅም ተራራ ሲሊንደራዊውን (Cylindrical) ምረጡ። የገጣጠማችሁት ላይ አግድም መመሪያ መስመር አስቀምጡና አፋፉን ወይም የጭጋጉን ጠርዝ ከእሱ ጋር አስተያዩ። መሃሉ አብጦ ወይም ሰርጉዶ ከሆነ አሁን አስተካክሉት። ሸራ ላይ ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ከዚያ ጠርዙ ይመጣል። የመጀመሪያው ሸራዬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፎቶውን ልክ 210 በ70 አድርጌ አሳተምኩ። ሸራው እንጨቱን ሲጠቀልል ከየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ታጠፈ። በግራ ጫፍ ብቻዋን የቆመችው የጅብራ ተክል፣ የፎቶው ውበት እሷ ነበረች፣ እንጨቱ ጎን ላይ ተጣጥፋ ቀረች።

ስለዚህ እንዲህ አስሉ። እንጨቱ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከጀርባ ለመምታት ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለእጅ መያዣ 1 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በየጎኑ 7 ማለት ነው። የሚታተመው 224 በ84 ይሆናል። ይህን 7 ሳንቲ ሜትር ከፎቶው አትውሰዱ። ፎቶሾፕ ላይ የፎቶውን መደብ (Canvas Size) አስፉና ከየጠርዙ 7 ሳንቲ ሜትር ቀድታችሁ እንደ መስታወት ገልብጣችሁ ወደ ውጭ ለጥፉት። ከጎን ለሚያይ ሰው ተራራው የቀጠለ ይመስላል። ጎኑን ጥቁር ወይም ነጭ ማድረግም ይቻላል። ነገር ግን የቀለሙ ድንበር ከእንጨቱ ጠርዝ በ2 ሚሊ ሜትር ቢስት ወዲያው ይጋለጣል። መስታወቱ ይቅር ይላል።

አንድ ትንሽ ዘዴ ጨምሩ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ነጭ ሸራ ላይ፣ በአራቱም ጎን ልክ መሃሉ ላይ ቀጭን ጥቁር ጭረት አስቀምጡ። ስትወጥሩ መሃሉን ፍለጋ አትደክሙም።

ሸራ ከስክሪን ይጠቁራል። የስክሪናችሁን ብርሃን ወደ ግማሽ ቀንሱና ፎቶውን እንደገና እዩት። ጥላው ውስጥ ምንም የማይታይ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ፋይሉን በኤስአርጂቢ ቀለም፣ በቲፍ ወይም በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ አስቀምጡ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ ያጠፋዋል። በፍላሽ ውሰዱት።

ማተሚያ ቤት

ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባነር ነው?» የሚል ነው። ብዙው ሥራቸው ባነርና ስቲከር ስለሆነ አይፈረድባቸውም። እናንተ ግን ሸራ፣ ካንቫስ ነው በሏቸው፤ ጥቅሉንም አስወጥታችሁ በእጃችሁ ንኩት። የባነር ጀርባ ፕላስቲክ ነው፣ ያብረቀርቃል። የሸራ ጀርባ ጨርቅ ነው፤ ክሩ ይታያል። ጥግ ላይ አጥፋችሁ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ነጩ ቅብ ከተሰነጠቀ ስትወጥሩት ጠርዝ ላይ ቀለሙ ይረግፋል፤ ሌላ ጥቅል ጠይቁ።

የጥቅሉን ወርድም ጠይቁ። 91 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ለእኛ 84 ይበቃል። ርዝመቱ በጥቅሉ ርዝመት ስለሚሄድ ፎቶው ስፌት ወይም መጋጠሚያ አይኖረውም።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ማሽኑ ለባነር በሚሮጥበት ፍጥነት ከሮጠ ሰማዩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ሁለተኛው ሸራዬ የሄደው በዚህ ነው። ሰማያዊው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰመረብኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «ከሩቅ አይታይም» ብሎ ሸኘኝ። ይታያል። «በቀስታ፣ በብዙ ፓስ አትሙልኝ» በሉ (ፓስ ማለት ማሽኑ በአንድ ቦታ ላይ የሚመላለስበት ጊዜ ነው)፤ ትንሽ ቢያስጨምራችሁም ክፈሉ። ከዚያ በፊት የቀለም ቀዳዳዎቹን ፍተሻ እንዲያወጡ ጠይቁ። ማሽኑ ትንንሽ መስመሮች ያትማል፤ የጎደለ ካለ የተደፈነ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት 30 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ በእውነተኛው ልክ አሳትሙ። ሰማይም ጥቁር ጥላም ያለበትን ቦታ ምረጡ። ቁራጩን ይዛችሁ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት፤ ወደ ቤት ወስዳችሁ ማታ በአምፖል ስር እዩት። እኔ ሩቅ ያሉት ተራሮች ወደ ሐምራዊ እንደሄዱ ያወቅኩት በዚህ ነው።

በኢኮ ሶልቨንት ቀለም የታተመ ሸራ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ይድረቅ። «ላሚኔሽን እናልብስልህ?» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ፕላስቲኩ ሸራውን ፖስተር ያስመስለዋል፤ መታጠፊያው ላይም ይነሳል። ከፈለጋችሁ ከደረቀ በኋላ የማያብረቀርቅ፣ በውሃ የሚቀጥን ቨርኒሽ በስፖንጅ ሮለር በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡት። ስትወስዱት በፍጹም አይታጠፍ። ፎቶው ወደ ውጭ ሆኖ ወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለል። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨማደዳል።

እንጨቱ

4 በ5 ሞራሌ ይበቃል። ሲላግ ትንሽ ይቀንሳል፤ ችግር የለውም። ደረቅ የፈረንጅ ጽድ ቀላልም ቀጥ ያለም ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። እርጥብ ባህር ዛፍ አትግዙ፤ ከወር በኋላ ይጠመዘዛል።

የእኔ አናጢ ሞራሌውን ሲመርጥ አንዱን ጫፍ መሬት ያስይዛል። ሌላውን ጫፍ ጉንጩ አጠገብ ያመጣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእንጨቱ ርዝመት ያያል። ያዞረዋል፤ እንደገና ያያል። «ይሄ ሆዱን ነፍቷል፣ ተወው» አለኝ። ከስድስቱ ሦስት ጣለ። ጋሼ፣ ይሄ ምን አለበት ስለው እንጨቱን ሰጥቶ እኔንም አሳየኝ። እውነትም መሃሉ ላይ የጣት ያህል ጎብጧል። ቆሞ ሲታይ ግን ምንም አይታወቅም ነበር። እናንተም እንዲህ እዩ።

አራቱ ማዕዘን በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በኮላና በብሎን ይያያዝ፤ ከጀርባ ደግሞ ሦስት ማዕዘን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ይመታበት። ለዚህ ርዝመት ሁለት መስቀለኛ እንጨት ግድ ነው፤ ከየጫፉ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ። ያለ እነሱ ሸራው ሲወጠር ረጃጅሞቹን እንጨቶች ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፎቶው ወገቡ ይቀጥናል። መስቀለኞቹ ከሸራው በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ይበሉ። የዙሪያው እንጨትም የውስጥ ጠርዙ ተላግቶ ዘንበል ይበል። ሸራው የሚነካው የውጩን ጫፍ ብቻ መሆን አለበት። አለበለዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ የእንጨቱ ቅርጽ ሰማዩ ላይ ይታተማል።

ኮላው ሳይደርቅ ሰያፉን፣ ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ያለውን፣ ለኩ። ለ210 በ70 ሁለቱም ሰያፍ 221.4 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ ከሌላው በ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የረጅሙን ሰያፍ ሁለት ጫፎች ይዛችሁ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። የውጩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ስለታም ጠርዝ ሸራውን ይቆርጣል።

መወጠር

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ ንጹሕ ብርድ ልብስ አንጥፉና ሸራውን ፎቶው ወደ ታች ሆኖ ዘርጉት። ቀደም ብሎ ብርድ ልብሱን በእጃችሁ ዳብሱ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቀለሙን ትቧጭራለች።

እንጨቱን ላዩ ላይ አድርጉ። የእንጨቱን አራት መሃሎች በእርሳስ ምልክት አድርጉና ከሸራው ጭረቶች ጋር አስተካክሉ። እንደ ሽጉጥ የሚጨበጠውን ትልቁን ስቴፕለር ተጠቀሙ፤ የ8 ወይም የ10 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃዋል።

መጀመሪያ የላይኛው ረጅም ጎን መሃል ላይ አንድ ምቱ። ወደ ታችኛው ጎን ዞራችሁ ሸራውን ሳብ አድርጋችሁ ትይዩው ላይ አንድ ምቱ። ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። አራት ሽቦ ብቻ ሲኖር አቁሙና ፎቶውን ቀና አድርጋችሁ ከፊት እዩት። የፎቶው ጠርዝ ከእንጨቱ ጠርዝ ጋር ገጥሟል? አፋፉ ከላይኛው ጠርዝ በግራም በቀኝም ቀድሞ በፋይሉ ላይ በለካችሁት ርቀት ላይ ነው? ካልሆነ አራት ሽቦ መንቀል ምንም አይደለም። ሰማንያ መንቀል ግን ያስለቅሳል።

ሲስተካከል ከመሃል ወደ ጫፍ ሂዱ። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት እያላችሁ ተቀያየሩ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ መስመሩን የሚያጎብጠው ዋናው ነገር ነው። አንዱ ሰው ይሳብ፣ ሌላው ይምታ፤ ሚናችሁን አትለዋወጡ፤ የሁለት ሰው ጉልበት አንድ አይደለም። ሠዓሊዎች ሸራ ሲወጥሩ እንደ ከበሮ እስኪጮህ ነው። የታተመ ሸራ እንዲያ አይፈልግም። ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ይሁን እንጂ ጠርዙ ላይ ነጭ ስንጥቅ ካያችሁ አብዝታችኋል።

ማዕዘኑ ከ8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አቁሙ። ትርፉን እንደ አልጋ አንሶላ አጥፉት። እጥፉ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጎን ይዋል፤ ረጅም ፎቶን ሰው በግራና በቀኝ ጎኑ አልፎ ስለሚያየው እነዚያ ንጹሕ ይሁኑ። ጨርቁ ከበዛ ከውስጥ የማይታየውን በመቀስ ቀንሱ።

የውጭ ፍሬም

ሸራ መስታወት አይፈልግም፤ ይታፈናል፣ ብርሃንም ያንጸባርቃል። እንዲሁ ያለ ፍሬም ቢሰቀልም ያምራል። እኔ ግን ጠርዙን ከሚመጣ ከሚሄደው ስለሚጠብቅ ፍሬም እወዳለሁ። የሚያምረው ሸራው ውስጡ የተንሳፈፈ የሚመስለው፣ በሸራውና በፍሬሙ መሃል በዙሪያው 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ነው። ከዋንዛ ካሠራችሁት ቀለም አትቀቡት፤ የራሱ መልክ ለተራራ አፈርና ድንጋይ ይሄዳል።

ይህን ፍሬም ሸራው ከተወጠረ በኋላ ለክታችሁ እዘዙ። ጨርቁና እጥፉ ልኩን ይጨምራሉ፤ የእኔ ማዕዘኑ ጋ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሯል። ሸራው ከፍሬሙ ጋር ከጀርባ በብሎን ይያዛል፤ በኮላ አይደለም። አንድ ቀን መፍታት ትፈልጉ ይሆናል።

ዋሽንግተን ወይም ሌላ ቦታ ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ የተጠቀለለውን ሸራ ብቻ ስጡ። አሜሪካ እንጨቱ የሚሸጠው በኢንች ስለሆነ ከመጀመሪያው በ72 በ24 ኢንች አሳትሙት፤ የእኛው የሦስት ለአንድ መጠን ነው። ጠርዙን 7 ሳንቲ ሜትር መጨመር እንዳትረሱ።

መስቀል

በአንድ ሚስማር አይሰቀልም። ከየጫፉ ሢሶ ላይ ሁለት ማንጠልጠያ ከእንጨቱ ጀርባ ምቱ፤ ግድግዳው ላይም ሁለት ብሎን። ብሎኬት ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር አስገቡ። ጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን አትመኑት፤ ማገሩን ወይም ቋሚውን ፈልጋችሁ እሱ ላይ ምቱ።

ሁለቱን ቀዳዳ አንድ ልክ ለማድረግ የግንበኞችን ዘዴ ተጠቀሙ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ በውሃ ሙሉና አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያዙት። ውሃው የቆመበት ቦታ ልኩ ነው። ለ2 ሜትር ከትንሿ የውሃ ልክ ይሻላል። የፎቶው መሃል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቤቱ አሮጌ ሆኖ ኮርኒሱ ራሱ ካዘመመ ግን በውሃው ልክ የተሰቀለው ፎቶ ጠማማ ይመስላል። ያን ጊዜ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን እመኑ፤ ልዩነቱን እኩል አካፍሉት።

ከጀርባ በአራቱም ጥግ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ። አየር እንዲያልፍበትና ክረምት የሚያልበው ግድግዳ ሸራውን እንዳይነካው ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት። ቡና የሚፈላበት ቦታ በላይም አትስቀሉት። የሚቆላው ቡና ጭስና ዕጣኑ በዓመት ውስጥ ነጩን ደመና ቢጫ ያደርገዋል። እናቴ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ያዞረችው ለዚህ ነው።

አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፤ ውሃም ሳሙናም አታስነኩት። አባቴ ግን በየሳምንቱ በጣቱ ይነካዋል። እንግዳ ሲመጣ ከግራ ጀምሮ አፋፉን እየተከተለ በልጅነቱ የሄደበትን መንገድ ያሳያል። ግጭ ከሚባለው ቦታ በታች ስትደርስ ጣቱ ትንሽ ቆም ትላለች። ሸራው ላይ እዚያ ቦታ ቨርኒሹ ማብረቅ ጀምሯል። አንድ እጅ እደግምበታለሁ።